የአንባቢያን ጥያቄ፦ በቴክሳስ ከተሞች መሐል የቆሙት አሮጌ የካውንቲ ፍርድ ቤቶች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች ከተለያየ ሰውና ከተለያየ ቦታ የመጡ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁሉም የሚጠይቁት በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት በየካውንቲው (ግዛቱ በተከፋፈለበት የአስተዳደር ወረዳ) መቀመጫ ከተማ ስለሚገኙት አሮጌ የፍርድ ቤት ሕንፃዎች በመሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፤ የምኖረው ለዳላስ ቅርብ በሆነችው በጋርላንድ ነው። ዋክሳሃቺን፣ ሂልስቦሮንና ዲኬተርን በመሳሰሉ ከተሞች ሳልፍ በከተማው መሐል ቤተ መንግሥት የሚመስል፣ ማማ ያለው የድንጋይ ሕንፃ አያለሁ፤ ስጠይቅ ሁሉም ፍርድ ቤት ነው ይሉኛል። ያኔ ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ ለነበረባት ከተማ ይህን ያህል ፍርድ ቤት ለምን አስፈለጋት? ወንጀሉ ያን ያህል በዝቶ ነበርን?

መልስ፦ ወንጀል አልጠፋም፤ ሕንፃውን ያገዘፈው ግን ከወንጀል ይልቅ መሬት ነው። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ችሎቱ የሚይዘው አንድ ትልቅ አዳራሽ ሲሆን፣ ከሥሩ ያሉት ክፍሎች የመዝገብና የግብር ቢሮዎች ነበሩ። ገበሬው የገዛው መሬት ውል፣ በመሬቱ የተያዘው ብድር፣ የጋብቻ ፈቃዱ፣ የሟች ኑዛዜ፣ በከብቶቹ ገላ ላይ የሚተኮሰው መለያ ምልክት ሳይቀር የሚመዘገበው በካውንቲው ክለርክ (የመዝገብ ሹም) ዘንድ ነው። በዚያ መዝገብ ያልሰፈረ ውል ያለው ሰው፣ ያንኑ መሬት ሌላ ሰው የፊተኛውን ሽያጭ ሳያውቅ በኋላ ገዝቶ ያስመዘገበ እንደሆነ ከይዞታው ሊነቀል ይችላል። ግብር የሚከፈለውም፣ የምርጫ ድምፅ የሚቆጠረውም እዚያው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ግን በድንጋይ ሕንፃ አይደለም። ቴክሳስ በ1836 ከሜክሲኮ ስትገነጠል 23 ካውንቲዎች ብቻ ነበሯት፤ ብዙዎቹም ችሎት የሚያስችሉት በእንጨት ጎጆ ወይም በኪራይ ቤት ነበር። በኮሎምበስ ከተማ በ1837 ዳኛ ሮበርት ዊልያምሰን የመጀመሪያውን ችሎት ያስቻለው በአንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ ሥር ነው፤ ከተማዋ ከዓመት በፊት በጦርነቱ ጊዜ ተቃጥላ ስለነበር ጣሪያ ያለው ቤት አልተገኘም። በዋርካ ሥር ሙግት ሲሰማ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ዳኛው ከካውንቲ ወደ ካውንቲ በፈረስ እየተዘዋወረ ይሰማ ስለነበር፣ እርሱ የሚመጣበት ቀን ለአገሬው የገበያም ቀን ይሆናል። ከዳላስ በስተምሥራቅ በካንተን ከተማ በየወሩ የሚቆመውና ብዙ አበሾችም የሚሄዱበት "ፈርስት መንደይ" የተባለው ትልቅ ገበያ የመጣው ከዚሁ ነው፤ በ1850ዎቹ ዳኛው በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ሲያስችል ጉዳይ ያለውም የሌለውም ፈረሱንና የጓሮ ምርቱን ይዞ ይሰበሰብ ነበር። ችሎቱ በዚያ ቀን መዋሉ ከቀረ ዘመን አለፈው፤ ገበያው ግን አለ።

እንግዲህ ፍርድ ቤቱ ያለበት ከተማ ጠበቃ፣ ሆቴል ቤት፣ ነጋዴ፣ ጋዜጣ፣ ፈረስ አሳዳሪ፣ ሁሉም ይኖረዋል፤ መቀመጫነቱን የተነጠቀ ከተማ ግን ይከስማል። ስለዚህም የካውንቲ መቀመጫ መሆን በብርቱ የሚታገሉለት ነገር ነበር። ዛሬ ከአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች አንዷ የሆነችው ፎርት ዎርዝ መቀመጫነቱን ከበርድቪል የወሰደችው በ1856 በተደረገ ምርጫ ጥቂት ድምፅ በልጣ ነው፤ በዚያ ቀን ለመራጩ ውስኪ በበርሜል ቀርቦ ነበር የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። ጭቅጭቁ እስከ 1860 ዘልቆ በሁለተኛ ምርጫ ተቋጨ። በርድቪል ከዚያ ወዲህ ቀና ሳትል ቀርታ ኋላ በሃልተም ሲቲ ተዋጠች።

የ1876 ሕገ መንግሥት ይህንን ሽኩቻ ሥርዓት ለማስያዝ ሞክሯል። መቀመጫው ከካውንቲው እምብርት በአምስት ማይል ክልል ውስጥ ከሆነ ከድምፅ ሰጪው ሁለት ሦስተኛው ካልተስማማ በቀር አይነሣም፤ ከዚያ ርቆ ያለውን ወደ መሐል ለማምጣት ግን ተራ ብልጫ ይበቃል። በዚያው ዓመት በሰሜንና በምዕራብ ቴክሳስ 54 ካውንቲዎች በአንድ ሕግ ሲፈጠሩ ብዙዎቹ በያንዳንዱ ጎን 30 ማይል ያህል ያላቸው አራት ማዕዘኖች ተደርገው ተሠመሩ። መቀመጫው መሐል ላይ ሲሆን ዳር ያለው ገበሬ ሊሄድ የሚገባው ከ15 እስከ 20 ማይል ነው፤ በፈረስ አንድ ቀን ያደርሰዋል። በካርታ ላይ የምናያቸው የማስመሪያ ሥራ የሚመስሉት ካውንቲዎች ከዚህ የተነሡ ናቸው። ዛሬ ቁጥራቸው 254 ደርሷል፤ በአሜሪካ ይህን ያህል ካውንቲ ያለው ሌላ ግዛት የለም።

የድንጋዩን ነገር የማየው ከዚህ አንጻር ነው። የእንጨት ቤትን መተው ቀላል ነው፤ ሕዝቡ ገና የብዙ ዓመት ዕዳ ያለበትን የግራናይት ሕንፃ ትቶ መቀመጫውን ወደ ሌላ ከተማ ማዛወር ግን የማይታሰብ ይሆናል። በ1881 የግዛቱ ምክር ቤት ካውንቲዎች ለፍርድ ቤት ማሠሪያ ቦንድ ሸጠው እንዲበደሩ ሲፈቅድ፣ የባቡር ሐዲድና የጥጥ ዋጋም ደርሰው ስለነበር፣ በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ ግዛቱ በማማ ተሞላ። የሕንፃ ነዳፊዎቹ ከእንግሊዝ የመጣው አልፍሬድ ጋይልስ፣ ደብልዩ ሲ ዶድሰንና ጄምስ ራይሊ ጎርደን ከካውንቲ ወደ ካውንቲ እየዞሩ ንድፋቸውን ካውንቲውን ለሚያስተዳድሩት ኮሚሽነሮች ይሸጡ ነበር። ዋክሳሃቺ ያለው የኤሊስ ካውንቲ ሕንፃ የጎርደን ሥራ ነው፤ የማዕዘን ድንጋዩ ሐምሌ 4 ቀን 1895 ተቀምጦ በ1897 ተጠናቀቀ። ዲኬተር ላይ ያዩት የዋይዝ ካውንቲ ሕንፃም የእርሱ ስለሆነ ወንድማማች ቢመስሉዎት አይገርምም።

ዋክሳሃቺ የሄደ ሁሉ በዓምዶቹ ራስ ላይ ስለተቀረጹት ፊቶች አንድ ተረት ሰምቶ ይመለሳል፤ ቀራጩ የአከራዩን ዘመድ አፍቅሮ፣ ፊቷን በውበት ሲቀርጽ ቆይቶ፣ እንቢ ስትለው አስቀያሚ እያደረጋት ሄደ ይባላል። እንዲህ ዓይነት አስፈሪና አስቂኝ ፊቶችን መቅረጽ የዚያ ዘመን የአሠራር ስልት የተለመደ ጌጥ ስለነበር ተረቱን ብዙም አላምነውም። እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ጎርደን መግቢያዎቹን በሕንፃው ውስጣዊ ማዕዘኖች ላይ በረንዳ አድርጎ አስቀመጣቸው፤ ደረጃውን ደግሞ በመሐል በማማው ሥር አቆመው። ከጥላው በረንዳ የሚገባው አየር በደረጃው ቀዳዳ ወደ ማማው ወጥቶ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን የቴክሳስን ነሐሴ በሱፍ ኮት ለሚሟገት ጠበቃ ይህ ቀላል ውለታ አልነበረም።

ገንዘቡን የከፈለው ሕዝብ ሁልጊዜ ደስ አላለውም። የፎርት ዎርዙ ሕንፃ ከ400,000 ዶላር በላይ ፈጅቶ በ1895 ሲጠናቀቅ፣ ያሠሩት ኮሚሽነሮች አስቀድመው በ1894ቱ ምርጫ ተሰናብተው ነበር፤ አባካኞች ተብለው። ሕንፃው ዛሬ የከተማዋ ኩራት ነው።

ጥያቄ፦ ሂውስተን ቤት ገዝቼ ሰነዱ በካውንቲው ክለርክ ተመዘገበልኝ። ያልገባኝ ነገር "ካውንቲ ጃጅ" የሚባሉት ሰው በቴሌቪዥን ስለ ጎርፍ፣ ስለ በጀትና ስለ መንገድ ሲናገሩ እንጂ ሲፈርዱ ሰምቼ አላውቅም። ዳኛ ናቸው ወይስ አስተዳዳሪ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ሁለቱንም ናቸው፤ በሂውስተን ግን አስተዳዳሪነቱ ያመዝናል። እያንዳንዱ ካውንቲ የሚተዳደረው አራት ኮሚሽነሮችና አንድ ካውንቲ ጃጅ በሚቀመጡበት "ኮሚሽነርስ ኮርት" በሚባል ጉባኤ ነው፤ ስሙ ፍርድ ቤት ቢመስልም ሥራው የግብሩን መጠን መወሰን፣ በጀት ማጽደቅ፣ የካውንቲ መንገድና ድልድይ ማሠራት ነው። ጃጁ የጉባኤው ሰብሳቢ ከመሆናቸው ሌላ በካውንቲው የአደጋ ጊዜ ሥራ ኃላፊ ስለሆኑ ነው ጎርፍ ሲመጣ የሚያዩዋቸው። በትንንሽ ካውንቲዎች ያው ሰው ኑዛዜንና ቀላል ወንጀልን ይሰማል። ሕገ መንግሥቱ የሚጠይቃቸው የግዛቱን ሕግ በሚገባ የሚያውቁ እንዲሆኑ ብቻ ነው፤ ጠበቃ መሆን ግዴታ አይደለም።

የዚህን ሥርዓት ወጥነት ለማየት ሁለት ጫፎችን ማነጻጸር ይበቃል። በ2020ው የሕዝብ ቆጠራ በምዕራብ ቴክሳስ ያለው ላቪንግ ካውንቲ የተቆጠሩበት ነዋሪዎች 64 ብቻ ናቸው፤ እርስዎ የሚኖሩበት ሃሪስ ካውንቲ 4.7 ሚሊዮን ያህል ሰው አለው። ሁለቱም አንድ ጃጅና አራት ኮሚሽነር አሏቸው። የሂውስተኑ አሮጌ ፍርድ ቤት፣ በ1910 የተሠራው ባለ ጉልላቱ፣ ታድሶ በ2011 ከተከፈተ ወዲህ የሁለት ይግባኝ ሰሚ ችሎቶች መቀመጫ ሆኗል፤ የቤትዎ ሰነድ ግን ያለው በሌላ ሕንፃና በኮምፒውተር ነው።

ጥያቄ፦ ዴንተን የምማር ተማሪ ነኝ። በአደባባዩ ላይ ያለውን ፍርድ ቤት ሰዎች ፎቶ ሲያነሡት፣ ሙሽሮችም ሲያጌጡበት አያለሁ፤ ጥቁር አሜሪካዊት ጓደኛዬ ግን በሣሩ ላይ መቀመጥ አትወድም። ከፊቱ የነበረው ሐውልት ተነሥቷል ይባላል። እነዚህ ሕንፃዎች ለጥቁር ሕዝብ ምን ነበሩ?

መልስ፦ የጓደኛሽ ስሜት በቂ ምክንያት አለው። የዴንተን ሕንፃ በዶድሰን ንድፍ በ1896 የተሠራ ነው፤ ያልሽው የኮንፌደሬት (በእርስ በርሱ ጦርነት ለባርነት የቆመው የደቡቡ ወገን) ወታደር ሐውልት የቆመው ደግሞ በ1918 ነው፤ ማለትም የእርስ በርሱ ጦርነት ካበቃ ከ53 ዓመት በኋላ። ሐውልቱ የሙታን መታሰቢያ ብቻ ቢሆን መቃብር ስፍራ በበቃው ነበር፤ ግብር የሚከፈልበት፣ ድምፅ የሚሰጥበት፣ ፍርድ የሚጠየቅበት ደጃፍ ላይ መቆሙ ቤቱ የማን እንደሆነ ለገቢው ሁሉ ለማሳወቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ በሰኔ 2020 ተነሣ።

ከሐውልቱ የከፋውን መናገርም ግድ ነው። ዳላስ መሐል የሚታየው "ኦልድ ሬድ" የተባለው ቀይ ፍርድ ቤት በ1892 የተሠራ ነው። መጋቢት 3 ቀን 1910 አለን ብሩክስ የተባለ ጥቁር ሽማግሌ ጉዳዩ ሊሰማ በዚያ ሕንፃ ሳለ ግፈኛ ሕዝብ ገብቶ በአንገቱ ገመድ አግብቶ ከሁለተኛው ፎቅ መስኮት ጎትቶ ጣለው፤ ከዚያም በዋናው መንገድ ጎትተው በከተማዋ የክብር ቅስት ላይ ሰቀሉት። በዌኮ በ1916 የአሥራ ሰባት ዓመቱን ልጅ ጄሲ ዋሽንግተንን ጁሪው (ከሕዝቡ ተመርጦ የሚፈርደው ጉባኤ) ጥፋተኛ ባለበት ቅጽበት ከችሎቱ አዳራሽ አውጥተው በሺዎች ፊት አቃጠሉት፤ ያ ፍርድ ቤት ዛሬም ይሠራል። በሸርመን በ1930 ጆርጅ ሂውዝን ለመግደል የመጣው ሕዝብ ሕንፃውን ራሱን አነደደው፤ እስረኛው ተቆልፎበት በነበረው የመዝገብ ካዝና ውስጥ ሞተ፤ እሳቱም ወደ ጥቁሮች የንግድ ሰፈር ተሻገረ። በሦስቱም ቦታ የሆነው የደቦ ፍርድ ነው፤ ልዩነቱ ሕጉ ባልደረሰበት ጫካ ሳይሆን በዳኛውና በሸሪፉ (በካውንቲው የፖሊስ አለቃ) ጣሪያ ሥር መሆኑ ነው። በዳላስና በዌኮ የመታሰቢያ ጽሑፍ የቆመላቸው ገና በ2021 እና በ2023 ነው።

ይሁን እንጂ ታሪኩን በግፍ ብቻ መዝጋት በእነዚያ ደጃፎች ለተዋጉት ሰዎች ፍትሕ አይሆንም። በሂውስተን አጠገብ ያለውን ፎርት ቤንድ ካውንቲን እንውሰድ፤ ከባርነት ነጻ የወጣው ሕዝብ በዚያ ብዙኃኑ ስለነበር፣ ራሱ በባርነት የኖረውን ዋልተር ሞዝስ በርተንን በ1869 ሸሪፍ አድርጎ መርጦታል፤ በአሜሪካ በምርጫ ሸሪፍ የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር እርሱ ነው ተብሎ ይታወቃል። በፍርድ ቤቱ ውስጥ የጥቁር እጅ ሃያ ዓመት ያህል ጻፈ፣ ግብር ሰበሰበ፣ ሥርዓት አስከበረ። በነሐሴ 1889 "ጄይበርድ" የተባለው የነጮች ወገን በሪችመንድ ከተማ ፍርድ ቤት ዙሪያ ተታኩሶ ቤቱን በኃይል ያዘ፤ ከዚያም ነጭ ብቻ የሚመርጥበት ማኅበር አቋቁሞ የካውንቲውን ሹመት ለ64 ዓመት ያህል ሲያከፋፍል ኖረ። ያንን አሠራር የሰበረው በ1953 የጥቁር መራጮች ክስ በአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያገኘው ውሳኔ ነው።

ጁሪም ራሱን የቻለ ውጊያ ነበር። በጃክሰን ካውንቲ፣ በኤድና ከተማ፣ ሜክሲኳዊ ስም ያለው ሰው በ25 ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ በጁሪነት አልተቀመጠም ነበር። በዚያ የተፈረደበት አንድ የሜክሲኮ ተወላጅ ተከሳሽ ጠበቆች ይህንን ይዘው ዋሽንግተን እስካለው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በግንቦት 1954 በተሰጠው ውሳኔ ላይ ከተጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ በራሱ በፍርድ ቤቱ ግቢ ያሉት የወንዶች መጸዳጃ ቤቶች ናቸው፤ አንዱ ምንም ጽሑፍ የለውም፣ በሌላው ላይ ግን "ለጥቁር ወንዶች" የሚል እንግሊዝኛና ከሥሩ "ወንዶች እዚህ" የሚል ስፓኒሽ ተጽፎበታል። ካውንቲው ሜክሲኳውያንን እንደ ነጭ እቆጥራለሁ ብሎ ሲከራከር የገዛ ግድግዳው መሰከረበት። ለተማሪ ልጠቁም ከፈቀድሽልኝ፣ የሕንፃውን ማማ ካየሽ በኋላ የችሎቱን በርጩማ፣ ሰገነቱንና የምድር ቤቱን ተመልከቺ፤ በብዙዎቹ ቤቶች ጥቁሮች እንዲቀመጡ የሚገደዱት በላይኛው ሰገነት ነበር።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ በሕንፃ ንድፍ ሙያ እሠራለሁ። አሮጌ ሕንፃ ሲፈርስ ማየት ሰልችቶኛል። ቴክሳሶች እነዚህን ሁሉ እንዴት ሊያቆዩአቸው ቻሉ? ገንዘቡስ ከየት መጣ?

መልስ፦ አቆይተዋቸው አልነበረም፤ ሊያጡአቸው ሲቃረቡ ነው የነቁት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዙ ካውንቲዎች ከፍ ያለው የችሎት ጣሪያ በዝቅተኛ ሰሌዳ ተሸፈነ፣ ሰገነቶቹ ተዘጉ፣ ጎርደን የሠራው የነፋስ መተላለፊያ በአሳንሰርና በመዝገብ መደርደሪያ ተደፈነ፣ የሚያፈስ ማማ ከመጠገን ማፍረስ ረከሰ። የዳላሱ ኦልድ ሬድ የሰዓት ማማ በ1919 ወርዶ የተመለሰው ሕንፃው በ2007 ሙዚየም ሆኖ ሊከፈት ሲታደስ ነው።

ሁለት ነገሮች ሕዝቡን ቀሰቀሱ። በ1993 የዘመን መለወጫ ቀን የሂልስቦሮው የ1890 ሕንፃ ተቃጠለ፤ ግድግዳው ብቻ ሲቀር የአካባቢው ተወላጅ የሆነው ዘፋኝ ዊሊ ኔልሰን ለማሠሪያው ኮንሰርት አዘጋጀ፣ ሕንፃውም በ1999 ተመርቆ ተከፈተ። በ1998 ደግሞ ቅርስ የሚጠብቀው የአገሪቱ ማኅበር በአደጋ ላይ ካሉት አሥራ አንድ ቅርሶች መካከል የቴክሳስ ፍርድ ቤቶችን በጅምላ አንድ አድርጎ መዘገባቸው። በ1999 የግዛቱ ምክር ቤት 50 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ፕሮግራም አቋቋመ፤ የመጀመሪያው የታደሰው በኦልባኒ ከተማ ያለው የሻክልፎርድ ካውንቲ ሕንፃ ሲሆን በ2001 ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ እድሳት ያገኙት ከ70 ይበልጣሉ።

ለሙያዎ የሚጠቅመው ግን የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን አሰጣጡ ይመስለኛል። ካውንቲው በቅድሚያ የሕንፃውን የተሟላ ጥናት በባለሙያ አሠርቶ ማቅረብ አለበት፤ ግዛቱ ሙሉውን አይከፍልም፣ ካውንቲውም የራሱን ድርሻ ያዋጣል። ድጋፉን ያገኘው ካውንቲም ሕንፃውን እንዲጠብቅ በጽሑፍ ይገደዳል። ድርሻውን ማዋጣት ያልቻለ ወይም መራጩ እንቢ ያለበት ካውንቲ ይጠብቃል። እድሳቱ መዝገብን ለጊዜው ወደ ሌላ ቤት ማዛወርን ስለሚጠይቅ ያልታሰበ ጥቅምም ሰጥቷል፤ በየካቲት 2021 የሜሰን ካውንቲን የ1909 ሕንፃ አንድ ሰው ሆን ብሎ ሲያቃጥለው ሰነዶቹ ለእድሳቱ ዝግጅት ቀድመው ወጥተው ነበር። በዚያው ካውንቲ በ1877 የቀድሞው ፍርድ ቤት ሲነድ የመሬቱ መዝገብ አብሮ ጠፍቶ ነበር። የ2021ዱ ቃጠሎ የድንጋይ ግድግዳውን ስላልጣለው ቤቱ በዚያው ላይ ተመልሶ ተሠርቷል። ከገንዘቡ ሌላ ሕጉም አለ፤ ማንኛውም ካውንቲ አሮጌ ፍርድ ቤቱን ከማፍረሱ ወይም ታሪካዊ ይዘቱን ከመለወጡ ከስድስት ወር በፊት ለግዛቱ የታሪክ ኮሚሽን ማስታወቅ አለበት።